የግብርና ኖራ በገብስ ማሳችን ላይ፦ ሥሩን ነቅለን መዝነነዋል

የእንጅባራን አካባቢ ቀይ አፈር የሚያውቅ ሰው ገብሱ ከማሳ እየወጣ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ ለምን እንደገባበት አይጠይቀኝም። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙን ዓመት ከዓመት አጥቦ ወስዶታል፤ አፈሩ ኮምጥጧል። አባባ አንዱን ጥማድ ለከሰል ዛፍ ሊለቀው ሲያስብ "አንድ ክረምት ኖራ እንሞክርበት" ብዬ ለመንኩት። እሺ ያለኝ ተማረች ብሎ እንጂ አምኖበት አይመስለኝም።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልናገር። ግድግዳ የሚቀባው፣ እጅ የሚልጠው የተቃጠለ ኖራ አይደለም። ይሄ ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በ50 ኪሎ ጆንያ ይመጣል። ጎረቤታችን ከጋሪ ስናወርድ አይተው "አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮ ድንጋይ ልትዘሪ ነው?" አሉኝ። አልዋሹም።

ችግሩ የሚጀምረው ከብዛቱ ነው። በአፈር ምርመራው መሠረት የተነገረን መጠን በሄክታር 20 ኩንታል ነው። ጥማዱ ሩብ ሄክታር ስለሆነ 5 ኩንታል፣ ማለትም 10 ጆንያ ያስፈልገዋል። የዚያው ጥማድ ማዳበሪያ በአንድ አህያ ይመጣል፤ ኖራው ግን ጋሪ፣ ጫኝና አውራጅ ይጠይቃል። ኪስ የሚጎዳው የኖራው ዋጋ ሳይሆን መንገዱ ነው። አቅራቢውም ካለን ጊዜ አዘግይቶ ነው ያደረሰልን፤ ኖራ ደግሞ ከዘር ቢያንስ ወር ቀድሞ አፈር ካልገባ ለዚያ ክረምት እምብዛም አይደርስም። እኛ ለጥቂት አመለጥን።

ጥራቱን ለመፈተን ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ጭብጥ ዱቄት ሰሃን ላይ አድርጋችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ ነው። ልመቱን ግን በወንፊት እዩት። የእኛዎቹ ጆንያዎች ከላይ ልም ናቸው፤ እጄን ወደ ታች ስሰድ የምስር ክክ የሚያህል ጠጠር አገኘሁ። ያ ጠጠር ሟሙቶ አፈሩን የሚያቀናው ከዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ክረምት የሚሠራው ልሙ ብቻ ስለሆነ፣ ጠጠር የበዛበትን ጆንያ መመለስ መብታችሁ መሆኑን ዕወቁ።

ማሳውን ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሹን ኖራ አለበስነው፣ ግማሹን እንዳለ ተውነው። ዘሩ አንድ፣ ማዳበሪያው (ኤንፒኤስና ዩሪያ) እኩል፣ የተዘራውም በአንድ ቀን፣ ሰኔ ላይ። ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ አባባ ዳር ቆሞ አየና "ልዩነት የለውም" አለ። እውነትም ከላይ ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ኖራ የሌለው ወገን ትንሽ ገርጥቷል፣ ያም ቢሆን ገብስ ነው።

እኔ የፈለግኩት ከታች ያለውን ነው። ገብሱ ራስ ማውጣት ሲጀምር ከሁለቱም ወገን፣ ከየቦታው፣ በአካፋ ከነአፈሩ ቆርጬ አወጣሁ። ዋናው ጣጣ ማጠቡ ነው። ሥር ጎትቶ መንቀል አይሆንም፤ ቀጫጭኖቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ፣ ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ እነሱ ናቸው። ጓሉን ባልዲ ውስጥ አሳድሬ በማግስቱ ወንፊት ላይ ውሃ እያፈሰስኩ አጠብኩት። ሳይለቅ የቀረ አፈር ካለ ሚዛኑን ያሳስታል፣ ምክንያቱም አፈር ከደረቀ ሥር እጅግ ይከብዳል። እርጥቡን መመዘንም ዋጋ የለውም፤ የጠዋትና የከሰዓት ውሃው ይለያያል። ስለዚህ ሥሩንና ቅጠሉን ለየብቻ በወረቀት ከረጢት አድርጌ ወዳጄ የምትሠራበት ላብራቶሪ ወሰድኩት፤ 70 ዲግሪ ላይ 48 ሰዓት ደረቀ። ክብደቱ መቀነስ ማቆሙን ካየን በኋላ በወርቅ ሚዛን መዘንነው።

ከላይ ያለው ደረቅ ክብደት ኖራ ባገኘው ወገን በለጠ፤ ሥሩ ግን ወደ እጥፍ የተጠጋ ነው። ዓይንም ሳይመዝን ያየዋል። ኖራ የሌለው ሥር አጭር፣ ጫፉ የደነደነና ቡናማ ነው፣ የጎን ሥሮቹ ተቆርጠው የቀሩ ይመስላሉ። ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አፈሩ ይበልጥ ኮምጥጧል ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይመታል፣ ማደጊያው ያ ጫፍ ነው። ከገበያ ገዝተን የጨመርነውን ፎስፎረስም ያው አሉሚኒየምና ብረቱ ያስሩታል። ፎስፎረስ እግር የለውም፤ ሥር ሄዶ ካልደረሰበት ማዳበሪያው ለአፈሩ ቀረ ማለት ነው። ኖራ ያገኘው ወገን ሥሩ ነጣ ያለ፣ ቀጫጭኑ ብዙ ነው።

ይህን ስል ኖራ ሁሉን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም። ከማሳው ታች ውሃ የሚተኛበት ጥግ አለ። እዚያ ኖራ ተበተነ አልተበተነ ሥሩ ጠቁሮ ላይ ላዩን ቀርቷል፤ ችግሩ የአየር ማጣት ስለሆነ ቦይ እንጂ ኖራ አይፈታውም። ሌላም ያስከፋኝ ነገር አለ። በበሬ ማረሻ የገባው ኖራ ማረሻው እስከደረሰበት ብቻ ነው። ረጃጅሞቹን ሥሮች ተከትዬ ስቆፍር፣ እርሻ ነክቶት ከማያውቀው አፈር ሲደርሱ ወደ ጎን ይታጠፋሉ። ነሐሴ እየዘነበ ገብሱ አይቸገርም፤ ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ ግን ከታች ያለው ውሃ አይደረስበትም። ስለዚህ ቅጠሉ አማረ ብላችሁ ዩሪያ አትጨምሩ፤ ናይትሮጂን ሲበዛ ተክሉ ጉልበቱን ወደ ላይ ይሰዳል፣ ሥሩ በዚያው መጠን አያድግለትም።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለጠጠሩና ለማጓጓዣው ነው። ለገብስ ግን ዛሬም እገዛዋለሁ፣ ከሰብሎቻችን ኮምጣጣ አፈር ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነውና። እንገዶ (አጃ) የምትዘሩ ሰዎች መቻኮል የለባችሁም፤ እሱ አፈሩን ይችለዋል። ድንች የምትተክሉ ደግሞ በዚያው ዓመት ማሳውን ኖራ አታልብሱት፤ አፈሩ ሲቀና የድንቹን ልጥ የሚያሻክረው እከክም ይመቸዋል። ጎረቤታችን ጆንያ የት እንደሚገኝ ጠይቀውኛል፤ ወንፊት ይዘው እንዲሄዱ ነግሬያቸዋለሁ።