ጅማ ላላችሁ ወላጆች፦ «የልጆች ታይዳይ» የሚባለውን ከረጢት እንዳትገዙ

ጅማ ያላችሁ እናትና አባቶች፣ በተለይ ለእንቁጣጣሽ ከልጆቼ ጋር የሆነ ነገር ልሥራ ብላችሁ የምታስቡ፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። መርካቶ የስጦታ ዕቃና መጫወቻ የሚሸጡት ሱቆች ጋ ሰሞኑን አንድ ከረጢት ተሰቅሎ ታያላችሁ። ላዩ ላይ ቀለም በቀለም የሆነ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ፎቶ አለበት። «ታይዳይ፣ ከልጆችዎ ጋር በቤትዎ» ይላል፤ ታይዳይ ማለት ጨርቅ ጠምዝዞና በላስቲክ አስሮ ቀለም በቀለም ማድረግ ነው። ከሥሩ ደግሞ «ለልጆች ጉዳት የለውም»። ውስጡ ነጭ ቲሸርቶች፣ በትንንሽ ፕላስቲክ የታሸገ የቀለም ዱቄት፣ «ሶዳ» ተብሎ የተጻፈበት ነጭ ነገር፣ ጓንትና የብር ማሰሪያ ላስቲክ አለው። ዋጋው 1,850 ብር። እንዳትገዙት። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ሻጩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገና በር ላይ ስትደርሺ «ግቢ የኔ እህት፣ ማየት በነጻ ነው» የሚልሽ። ልጅሽን አገጩን ይዞ ከረሜላ የሚያስጨብጠው። ዋጋ ስትጠይቂው «ለሌላው 2,200 ነው፣ ላንቺ ግን...» የሚለው። ስለ ዕቃው ስትጠይቂው መልሱ አንድ ነው፣ ኦሪጅናል። ጥጥ ነው ወይ? ኦሪጅናል ነው። ቀለሙስ አይለቅም? ኦሪጅናል ነው አልኩሽ እኮ። የቲሸርቱን አንገት ገልብጦ «100% ጥጥ» የሚለውን ጽሁፍ በጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ። ቀለሙን ደግሞ «የጨርቅ ነው፣ በረኪና እንኳን አይነካውም» አለኝ። ደረሰኝ ስለው ፊቱ ቀየር አለ፣ ግን ቆረጠልኝ።

ልጆቼ ስድስትና አራት ዓመታቸው ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ አላባራ ሲል ልጅ ቤት ውስጥ ታፍኖ ስልክ ስጪኝ፣ ቴሌቪዥን ክፈቺልኝ ሲል ይውላል። ታይዳይ ለዚህ ጊዜ የሚሆን ሥራ ነው፣ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው። ለትንሽ ልጅ መርፌና መቀስ አይሰጠውም። ጨርቁን መሃል ላይ ቆንጥጦ መጠምዘዝ፣ በላስቲክ ማሰር፣ ቀለም ማንጠባጠብ ግን ይችላል። ደግሞ ሲፈታ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚወጣ እናትየውም አታውቅም፤ ልጆቹን የሚያስደስታቸው እሱ ነው።

በረንዳው ላይ ማዳበሪያ አነጠፍን። ዱቄቱን እነሱን ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ ብቻዬን በጠበጥኩት፤ የቀለም ዱቄት ቢተነፍሱት ጥሩ አይደለም። «ሶዳውን» በሳፋ ውሃ አሟሙተን ቲሸርቶቹን ነከርንበት። ትልቋ የራሷን እንደ ቀንድ አውጣ ጠምዝዛ አሰረችው። ትንሹ ዝም ብሎ ጨመደደው፣ እኔ ላስቲክ አጠለቅኩለት። ከሴት አያታቸው አሮጌ ነጠላ የተረፈች ቁራጭም ነበረች፣ እሷንም ለአሻንጉሊት ልብስ ብለው ነከሯት። ጓንቱ ለትልቅ ሰው የሚሆን ስለነበረ ከእጃቸው እየወለቀ አስቸገረን። ከዚያ ሁሉንም በፌስታል ጠቅልለን አሳደርነው። ትንሹ ሌሊት ተነስቶ «ነጋ?» ብሎ ጠይቆኛል።

ሲነጋ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ጀመርን። መጀመሪያ የሚወጣው ትርፍ ቀለም ነው፣ ያ ያለ ነው። ግን መቆሚያ የለውም። ቀዩ ወጣ፣ ሰማያዊው ወጣ፣ ቢጫው ወጣ። ሳፋውን በደፋን ቁጥር ቲሸርቱ እየነጣ ሄደ። መጨረሻ ላይ የቀረው ብብቱ አካባቢ ያለች የቆሸሸች ሮዝ ናት። ነጠላዋም እንደዚያው። ያልለቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጆቼ እጅ። የትንሹ ጣቶች እስካሁን ወይን ጠጅ ናቸው፣ ጥፍሩ ሥር ገብቷል። በሳሙና ፈተግኩት፣ በሎሚ ፈተግኩት፣ ቆዳው ቀላ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

ቲሸርቶቹን በፌስታል ይዤ፣ ትልቋን ልጄን አስከትዬ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ ስልኩን እያየ ነበር፣ ቀና አላለም። ልብሱን ባንኮኒው ላይ ስዘረጋው በሁለት ጣቱ ጫፉን አንጠልጥሎ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። ከናንተ የገዛሁት ነዋ አልኩት። «አስተጣጠቡን አላወቅሽበትማ! በኦሞ አጥበሽው ነው» አለ። በኦሞ አልነካሁትም፣ ውሃ ብቻ ነው። ደግሞ በረኪና አይነካውም ያለኝ ይኸው ሰው ነው። አጠገቡ የቆመችው ሠራተኛ ሳቀች። አፏን እንኳን ዞር አላደረገችም። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ቆማ «የኔ ነው እኮ» አለችው፣ ድምጿ አይሰማም። ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ፣ ማሚ ሌላ ትገዛልሻለች» አላት። ከገንዘቡም ከልፋቱም በላይ ያቺ ንግግር ናት የምታንገበግበኝ። ልጅ ፊት አዋርዶኝ፣ በልጄ አንደበት ሌላ ሊሸጥልኝ።

የሱቁ ባለቤት ከጓዳ ወጣች። ቃል አልተነፈሰችም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጯ አሳየችኝ።

ይሄኔ ነው አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ እጃቸው ላይ የስፌት ቅርጫት አለ። ለአለላ የሚሆን ቀይ ቀለም እንዲሰጧቸው በኦሮምኛ ጠየቁ። ስትስቅብኝ የነበረችው ልጅ ከባንኮኒው ሥር አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጣች። በሻይ ማንኪያ ቀዳች። ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ጨመረችና አፉን አጥፋ በሻማ እሳት አስጠግታ ዘጋችው። እኔ ፕላስቲኩ ላይ አፈጠጥኩ። ያው መጠን፣ ያው ቀጭን ፕላስቲክ፣ ጫፉ ላይ ያው የሻማ ጥቀርሻ። ከረጢቴ ውስጥ የነበሩት እያንዳንዳቸው እንደዚያ ነበሩ። እናትየው 40 ብር ከፍለው ወጡ።

«ይሄ የአለላ ቀለም አይደለም እንዴ ያሸጋችሁልኝ?» አልኳቸው። ሻጩ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ልጅቷ ቆርቆሮውን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው። ባለቤቷ ግን ዓይኔን እያየች መለሰችልኝ፤ «ቀለም ቀለም ነው።»

ቀለም ቀለም አይደለም! ቤት እንደደረስኩ የኬሚስትሪ መምህር የሆኑትን ጎረቤታችንን ጋሼን ጠርቼ ሁሉንም አሳየኋቸው። የአለላ ቀለም ለራሱ ሥራ ጥፋት የለበትም፤ እናቶቻችን ስንት ያማረ መሶብ ሰፍተውበታል። ሣሩ ግን ቀለሙ ውስጥ ተቀቅሎ ነው የሚቀልመው። ሰፌድና መሶብ ደግሞ በሳሙና ታሽቶ አይታጠብም። ጥጥን በቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀልመው ሪአክቲቭ የሚባለው ዓይነት ነው። በ1956 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ የወጣ ነው፣ በየአገሩ ቤት ውስጥ ታይዳይ የሚሠራውም በአብዛኛው በሱ ነው። የሚሠራው ከጥጡ ክር ጋር በኬሚካል ስለሚያያዝ ነው እንጂ ላዩ ላይ ስለሚለጠፍ አይደለም። ለመያያዝ ደግሞ ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት ይፈልጋል። ያለሱ በውሃ ተጠርጎ ይሄዳል።

ጋሼ የተረፈውን «ሶዳ» ሲኒ ላይ አድርገው ሎሚ ጨመቁበት። ሶዳ አሽ ቢሆን አረፋ እያወጣ ይፈላ ነበር። ምንም የለም። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። ጨው ነው። የወጥ ጨው!

ቀጥለው ከቲሸርቱ ጠርዝ ክር መዘው ሻማ ላይ ያዙት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ፣ የወረቀት ሽታ ሸትቶ፣ ሲነኩት ብን የሚል ግራጫ አመድ ይሆናል። የኛ ክር ተኮማትሮ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሠራ። «100% ጥጥ» የተባለው ፖሊስተር ሆኖ ተገኘ። ፖሊስተር እውነተኛውን የጥጥ ቀለም ብታገኙ እንኳን አይቀበልም፤ ሌላ ዓይነት ቀለምና ከፍተኛ ሙቀት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ልብሱም ውሸት፣ ቀለሙም ውሸት፣ ሶዳውም ውሸት። ከረጢቱ ውስጥ እውነት የነበረው ላስቲኩ ብቻ ነው።

ገንዘቡስ ይቅር፣ ሠርቼ አገኘዋለሁ። «ለልጆች ጉዳት የለውም» የሚለውን ግን ማን ጻፈው? ቆርቆሮው ላይ የወተቱ ስም እንጂ የቀለሙ ስም የለም። ከምን እንደተሠራ የሱቁ ባለቤት ራሷ አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ቀለም ቀለም ነው አትለኝም ነበር። የአራት ዓመት ልጅ እጁን አፉ ውስጥ እንደሚከት እናት የሆነች ሁሉ ታውቃለች። እሷም እናት ናት፤ እኔ እዚያ ቆሜ ልጇ ከትምህርት ቤት ደውሎ ሲያናግራት ሰምቻለሁ።

እንግዲህ የምትገዙ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከልብሱ ክር መዛችሁ እዚያው ክብሪት ጫሩበት። እምቢ ካሉ ውጡ። ቀለሙ የፋብሪካ እሽግ ከሌለውና ሪአክቲቭ መሆኑ ካልተጻፈበት ይቅርባችሁ። ሶዳ ካሉ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ሲፈላ እንኳን ቤኪንግ ሶዳ እንዳይሆን ስሙን አንብቡ፣ እሱም አረፋ ያወጣል። ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ማንንም እንዳያስፈራ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይናገራል። የኔ ቀን ገና አላለፈም። ሰኞ ጠዋት ደረሰኙን፣ ቲሸርቶቹን፣ የተረፈውን ጨውና የተቃጠለውን ክር ይዤ ንግድ ጽህፈት ቤት እሄዳለሁ። ይህንኑ ከረጢት የገዛችሁ ካላችሁ ማሸጊያውን እንዳትጥሉት፤ ይዛችሁት ኑና አብረን እናመልክት።