ናይጄሪያ ውስጥ ለደረሰ የዘይት ብክለት የነዳጅ ኩባንያውን ሼልን የት መክሰስ ይሻላል፦ ናይጄሪያ ወይስ አውሮፓ?
ናይጄሪያ ላይ ምስክሩም የተበከለው ማሳም ቅርብ ናቸው። ይግባኙ ግን ዕድሜ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 ኤጃማ ኤቡቡ በተባለው የናይጄሪያ አካባቢ ለፈሰሰው ዘይት፣ ሼል 45.9 ቢሊዮን ናይራ ለመክፈል የተስማማው በ2021 ነው። ሃምሳ ዓመት! የካሳው መጠን ትልቅ ነው፤ ማሳቸው ሲቃጠል ያዩት አዛውንቶች ግን ስንቶቹ ደረሱበት?

ለንደን ላይ ደግሞ ቦዶ የተባለችው የናይጄሪያ ከተማ ዓሣ አጥማጆች በ2008 በዘይት መፍሰስ ለደረሰባቸው ጉዳት በ2015 የ55 ሚሊዮን ፓውንድ ስምምነት አገኙ፤ 35 ሚሊዮኑ ለ15,600 ሰዎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዳቸው 2,200 ያህል ደረሳቸው። ዓሣ የሚራባበትን የማንግሮቭ ደን ለሚያጣ ቤተሰብ ይህ ጥቂት ነው። የኔዘርላንድስ ከተማ ዘ ሄግም አልፈጠነችም፤ የናይጄሪያ ገበሬዎች በ2008 በከፈቱት ክስ ይግባኝ ሰሚው ችሎት የፈረደበት በ2021 ነበር።

እኔ አውሮፓን እመርጣለሁ፤ የኩባንያው የውስጥ ሰነድ የሚገኘው እዚያ ነውና።