ባሕር ዳር ላይ ባለ ኪቦርድ ቀፎ ለሚገዛ፦ ኢ71፣ ብላክቤሪ ወይስ ኢ63?

ባለ ኪቦርድ ቀፎ የሚፈልግ ሰው ዛሬም አልጠፋም። ጀልባ የሚያከራየው፣ አስጎብኚው፣ ከዘጌ ቡና የሚረከበው ነጋዴ፣ ቀኑን ሙሉ አጭር መልእክት ሲጽፍ የሚውል ሁሉ ጣቱ ቁልፉን ካልዳሰሰ አይሆንለትም። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ኖኪያ ኢ71 ይሻላል ወይስ ብላክቤሪ?» ከሁለቱም ኖኪያ ኢ63 ይሻላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ከእነዚህ በየትኛውም ኢንተርኔት አይታሰብም። ዋትሳፕ ሲምቢያን የሚባለውን የእነዚህን ኖኪያዎች ሲስተምም አሮጌውን ብላክቤሪንም በ2017 እ.ኤ.አ. ትቷቸዋል፤ የዛሬ ኢሜይልና ድረ ገጽ የሚጠይቀውን ምስጠራም አያውቁትም። የሚገዙት ለጥሪ፣ ለአጭር መልእክት፣ ለ*127# (ቴሌብር) እና ለ*889# (ንግድ ባንክ) ነው። ቴሌግራም የግድ የሚያስፈልገው ሰው ርካሽ አንድሮይድ ይግዛ።

አሁን ወደ ዋጋው። ኢ71 በጁን 2008 እ.ኤ.አ. ሲተዋወቅ የተተመነው 350 ዩሮ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኢ63 በ199 ዩሮ መጣ። የ151 ዩሮ ልዩነት ምን ገዛ? የብረት ጀርባ፣ ጂፒኤስ፣ ከ2 ይልቅ 3.2 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ፈጠን ያለ 3ጂ። ዳታው ከሞተ ፍጥነቱ አይጠቅምም፤ ካሜራውንም ማንም ርካሽ ስልክ ይበልጠዋል። የቀረው ብረቱና ጂፒኤሱ ነው። ባትሪው፣ ሲስተሙ፣ የስክሪኑ ስፋት አንድ ናቸው። ኢ63 እንዲያውም በ2 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ለወፍራም ጣት ይመቻል፤ የኢርፎን ቀዳዳውም የተለመደው 3.5 ነው። የኢ71 ቀዳዳ 2.5 ስለሆነ ኢርፎን ፍለጋ ያንከራትታል።

የብር ዋጋ እዚህ መጻፍ አይጠቅምም፤ ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለሳምንት አይሆንም። ለድርድር ግን ጥምርታውን ያዙ፦ 199 ከ350 ስድስት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሻጩ ለኢ71 10 ካለ ለኢ63 ከ6 በላይ አትክፈሉ። ከዚያ ላይ የባትሪውን፣ የቻርጀሩንና የሲም አዳፕተሩን ዋጋ ቀንሱ፤ አሮጌ ቀፎ ይዞት የሚመጣው ባትሪ እንደሌለ ይቆጠራል። «ባትሪው አዲስ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ባትሪውን አውጥታችሁ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስተኙትና ጥግ ጥጉን በጣት ገፋ አድርጉት። ጤነኛ ከሆነ ይንሸራተትና ይቆማል። መሐሉ አብጦ ከሆነ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል።

ባትሪው ቢፒ-4ኤል ይባላል፤ 3.7 ቮልት፣ 1500 ሚሊ አምፒር አወር። ኢ71፣ ኢ72፣ ኢ52፣ ኢ90 እና ኤን97 የሚጠቀሙት ይህንኑ ስለሆነ ከእነዚህ ከአንዱ የተረፈ ማግኘት አይከብድም። በዚያው መጠን «3000» ተጽፎበት የሚሸጠውን አትንኩ፤ ያ ሁሉ ኃይል በዚያ ቁመትና ውፍረት አይገባም፤ ተለጣፊው ነው የተቀየረው። ቻርጀሩ ቀጭኗ የኖኪያ ሹል ናት፣ የድሮዎቹ ኖኪያ 105 የሚጠቀሙባት። ኢ71ም ኢ63ም በዩኤስቢ ቀዳዳቸው ቻርጅ አያደርጉም፤ «ቦርዱ ተቃጥሏል» እየተባለ ለጥገና ገንዘብ የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያት ይህን አለማወቅ ነው።

ኢ71ን ለመተው ትልቁ ምክንያት ፎርጅዱ ነው። በዘመኑ የዚህን ቀፎ ያህል የተቀዳ ጥቂት ነው፤ ሁለት ሲም፣ ተስቦ የሚወጣ የቲቪ አንቴና፣ ላዩ ላይ ግን ያው ስም። እውነተኛው ኢ71 አንድ ሲም ብቻ ነው የሚወስደው፣ ስክሪኑም በንክኪ አይሠራም። ሁለት ሲም ካያችሁ መልሱለት፣ ክርክር አያስፈልግም። አንድ ሲም ያለውን እንዲህ ፈትሹ። *#0000# ስትጽፉ የሲስተሙ ቁጥርና የሞዴሉ ኮድ ይወጣል፤ አርኤም-346 ከሆነ ለእኛ የሚሆነው ነው፤ አርኤም-357 ከሆነ ለአሜሪካ የተሠራ ስለሆነ የእኛን 3ጂ አይዝም፣ በ2ጂ ብቻ ይሠራል። *#06# የሚያወጣው ቁጥር ባትሪው ሥር ከተለጠፈው ጋር ካልገጠመ ወይ ቦርዱ ወይ ሀውዚንጉ (የውጭ ሽፋኑ) ከሌላ ቀፎ የመጣ ነው። *#92702689# ደግሞ ቀፎው ከተሠራ ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደተወራበት ይናገራል፤ «ካርቶን ያልተፈታ» የተባለው 900 ሰዓት ካሳየ ዋጋውን በዚያ ልክ አውርዱ። መጨረሻ ላይ የሜኑ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ፤ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ተዘርዝረው ካልመጡ ሲምቢያን አይደለም። ኢ63ንም በነዚሁ ፈትሹት፣ የአርኤም ኮዱ ግን ሌላ ነው፤ ርካሽ ስለነበር ግን መቅዳቱ ያን ያህል አላዋጣም።

ኪፓዱን ለመፈተን አዲስ መልእክት ክፈቱና 26ቱንም የእንግሊዝኛ ፊደሎች፣ ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጻፉ። አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ከወጣ ወይም ጠንከር ብሎ ካልተጫኑት እምቢ ካለ ከቁልፉ ሥር ያለው መገናኛ እርጥበት በልቶታል። የጣና ዳር ክረምት ይህን ያበዛል። መገናኛው ከጠቆረ ብቻ በአልኮል ይጸዳል፤ የቦርዱ መስመር አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ ግን ዛሬ ቢጠገንም ነገ ይመለሳል። ጎን ላይ ያሉት የዩኤስቢና የሜሞሪ ክዳኖች መኖራቸውንም እዩ፤ ከተነቀሉ አቧራውና ውሃው የሚገባው በዚያ ነው።

ብላክቤሪን በተመለከተ እውነቱ ይነገር፤ ለጣት እንደ ቦልድ 9700 የሚሆን ኪቦርድ የለም። ኤም-ኤስ1 ባትሪውም 1500 ነው። ችግሩ ከቀፎው ውጭ ነው፤ ኩባንያው ለአሮጌዎቹ ብላክቤሪዎች ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት ከጃንዋሪ 4 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘግቷል፤ ከዚያ በኋላ ጥሪና መልእክት እንኳ ላይሠራ እንደሚችል ራሱ አስታውቋል። ርካሽ ሆኖ ብዙ የሚገኘው ከርቭ 8520 ደግሞ 3ጂ የለውም፤ ባትሪው 1150 ስለሆነ ከኢ63 አንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ቦልድ 9000 ላይ ያለችው ተንከባላይ ኳስ አቧራ ስትጠግብ ወደ አንድ ጎን እምቢ ትላለች። የይለፍ ቃል 10 ጊዜ ከተሳሳተ ቀፎው ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ነጭ ስክሪን ላይ 523 የሚል ስህተት ከወጣ ሲስተሙ በኮምፒውተር እንደገና መጫን አለበት፤ ያንን የሚሠራ ባለሙያ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ከውጭ ኔትወርክ ጋር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ኮድ የሚሞከረው 10 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከእናንተ በፊት ስንቱ እንደሞከረ አታውቁም። ስለዚህ ሲማችሁን አስገብታችሁ ሳትደውሉ አትክፈሉ።

ባሕር ዳር ላይ ኢ63ን የሚያስወድድ አንድ ትንሽ ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ሰፊዋን የክፍተት ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ከጀርባ ያለችው መብራት ትበራለች፤ ደግማችሁ ተጭናችሁ ስትይዙ ትጠፋለች። ሜኑ መፈለግ የለም፣ ቁልፏን ጨለማም ውስጥ አውራ ጣት ያገኛታል።

በ*127# ስትሠሩ መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ይጻፋል፤ መልስ የሚጻፍበት ሳጥን ሲመጣ ግን ፊደል ይወጣል። ሰማያዊ ቀስት ያለባትን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትነኩ ቁጥር ላይ ይቆለፋል። የአማርኛ መልእክት ካሬ ካሬ ሆኖ ከመጣ መላ አለው፦ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ሪሶርስ (Resource) የሚል ፎልደር፣ በውስጡ ፎንትስ (Fonts) የሚል ሌላ ፎልደር ፍጠሩ፤ ግዕዝም ላቲንም የያዘ ፎንት በስልኩ ፎንቶች ስም ሰይማችሁ አስገቡና አጥፍታችሁ አብሩ። ላቲን የሌለው ፎንት ከሆነ ሜኑው ራሱ ካሬ ይሆናል፤ ያኔ ካርዱን ስታወጡት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ለማንበብ እንጂ በአማርኛ ለመጻፍ አይሆንም።

ጀልባ ላይ ውሃ ከነካው ወዲያው ባትሪውን ንቀሉ፤ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ አታብሩት፣ ቻርጀርም አትሰኩ፤ የሚያቃጥለው ውሃው ሳይሆን በውሃው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሐይቁን ደለል አያወጣም። ተፈትቶ ቦርዱ በአልኮልና በብሩሽ ይታጠብ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይ ስክሪኑን ያበላሻል።

ሲማችሁ ናኖ ከሆነ የመጣበትን ካርድ ፍሬም አትጣሉ፤ ከገበያ አዳፕተር በልክ ይገጥመዋል። ከጀርባው ስስ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ሲሙ ሳይሸሽ እንዲቀመጥ። አዳፕተሩን ባዶውን ግን አታስገቡት፤ ስታወጡት የሲም ቤቱን ጥርሶች ይዞ ይነቅላል፣ የዚያ ጥገና ደግሞ ቀፎውን ከገዛችሁበት ሊበልጥ ይችላል።