ከጎንደር ወደ አውሮፓ፦ አንድ ትኬት ወይስ ከፋፍሎ መግዛት?

ብር በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር የሚተመን ነገር ሁሉ ከብዷል፤ የአውሮፕላን ትኬትም እንዲሁ። ስለዚህ የውጭ ትምህርት ዕድል ያገኙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችም፣ ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ የሚነሡ እናቶችም አንድ ምክር ደጋግመው ይሰማሉ፦ «ትኬቱን ባንድ ላይ አትግዙ። እስከ ዱባይ በአንዱ ርካሽ አየር መንገድ፣ ከዚያ በሌላው ሂዱ፤ ብዙ ይቀንስላችኋል።»

ምክሩ ውሸት አይደለም። የአውሮፓ ፓስፖርትና አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዞ ለሚዞር ሰው በእርግጥ ይሠራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ሁለት ሻንጣ ይዞ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ ለሚነሣ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከፋፍሎ መግዛት ያዋጣል ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ጉዞው የት ላይ ለሁለት እንደሚለያይ ማየት ይገባል። መለያያው የሼንገንን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸውንና እርስ በርሳቸው የድንበር ቁጥጥር የሌላቸውን የአውሮፓ አገሮች ድንበር ከተሻገራችሁ በኋላ ከሆነ ገንዘብ ይቆጥባል። ከዚያ በፊት ከሆነ ቦሌ ላይ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

በገበያው ላይ ያሉት መንገዶች

የመጀመሪያው የታወቀው ነው። ከጎንደር ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በቦሌ አድርጎ እስከ መድረሻው ከተማ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አንድ ትኬት መቁረጥ። አየር መንገዱ በቀጥታ የማይበርበት ከተማ ሲሆን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል በሆነበት በስታር አልያንስ የአየር መንገዶች ኅብረት በኩል ከሉፍታንዛ ወይም ከኦስትሪያ አየር መንገድ ጋር አገናኝቶ ይሸጣል።

ሁለተኛው በኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ አንድ ትልቅ የአውሮፓ ከተማ፣ ለምሳሌ እስከ ሮም፣ ሚላን፣ ቪየና ወይም ፍራንክፈርት መሄድና የቀረውን በአውሮፓ ርካሽ አየር መንገዶች፣ በራያንኤር፣ በዊዝ ኤር ወይም በኢዚጄት ለብቻው መግዛት ነው። የቀረው መንገድ ባቡርም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለሃንጋሪ የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሄድ ተማሪ ቪየና ከወረደ ቡዳፔስት በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ባቡሩ ደግሞ ሻንጣ አይመዝንም።

ሦስተኛው ያ የሚወራለት ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ በፍላይዱባይ ወይም ሻርጃ በኤር አረቢያ፣ ከዚያ በሌላ አየር መንገድ በሌላ ትኬት ወደ አውሮፓ። ከዚሁ ጎን ሳይታይ የሚያልፍ አራተኛ መንገድ አለ፦ ፍላይዱባይ ራሱ ከአዲስ አበባ በዱባይ በኩል እስከ ቤርጋሞ፣ ቡዳፔስት፣ ፕራግ ወይም ክራኮው የሚሸጠው አንድ ትኬት። አየር መንገዱ ያው ርካሹ ነው፤ ትኬቱ ግን አንድ ነው። በሦስተኛውና በዚህኛው መካከል ያለው ልዩነት ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው።

ቪዛ ከዋጋ ይቀድማል

ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ስትገዙ ለመጀመሪያው አየር መንገድ እናንተ የዱባይ መንገደኛ ናችሁ። ሁለተኛው ትኬት መኖሩን ሲስተሙ አያውቅም። ቦሌ ቼክ ኢን ላይ ያለችው ሠራተኛ የምታየው የዱባይ መድረሻ ብቻ ስለሆነ ዱባይ ያለችበትን አገር፣ የኤምሬትስን ቪዛ ትጠይቃለች፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ዱባይ አያስገባም። ቪዛ የለኝም፣ ትራንዚት ነኝ ብትሏት እንኳ ሻንጣው እስከ መጨረሻው አይላክም። ዱባይ ላይ ኢሚግሬሽን አልፎ፣ ሻንጣ ተቀብሎ፣ እንደ አዲስ ቼክ ኢን ማድረግ ግድ ነው። ለዚህ ደግሞ አገሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። አንዱ በረራ ሻርጃ ሌላው ዱባይ ከሆነማ ከአንዱ ኤርፖርት ወደ ሌላው በመኪና መሻገር ሊጨመር ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው መንገድ ቆጠብሁ የምትሉት ላይ የኤምሬትስ ቪዛ ዋጋ መጨመር አለበት። ቪዛው ላይሰጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ትኬቶች ባዶ ይቀራሉ። ፍላይዱባይ በአንድ ትኬት ሲሸጥ ግን ሻንጣው እስከ መጨረሻው ይላካል፣ መንገደኛው ከትራንዚት ክልል አይወጣም፣ የኤምሬትስ ቪዛም አይጠየቅም።

ሁለተኛው መንገድ የሚያዋጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሼንገን ቪዛ በእጃችሁ ካለ ሮም ላይ ወጥታችሁ፣ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ፣ ቀኑን ዐርፋችሁ ወደ ባርሴሎና ወይም ወደ ክራኮው ብትቀጥሉ የሚከለክላችሁ የለም። ከሮም በኋላ ያለው በረራ በሼንገን ውስጥ ስለሆነ ሌላ የኢሚግሬሽን መስኮት የለበትም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ቪዛውን የሰጣችሁ ፖላንድ ሆኖ ትኬታችሁ ሮም ላይ የሚያበቃ ከመሰለ ቦሌም ሮምም ጥያቄ ይመጣል። የሁለተኛውን በረራ ትኬትና የምታርፉበትን አድራሻ አትማችሁ በእጅ ያዙ።

ከሼንገን ውጭ ላለ አገር ግን ይህ መንገድ አይሆንም። ኢትዮጵያ በሁሉም የሼንገን አገሮች የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት 12 አገሮች አንዷ ናት፤ ማለትም ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ለማለፍ እንኳ ቪዛ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ቪዛ ብቻ ይዞ በሮም አቆራርጦ ለንደን ለመግባት ማሰብ ስለዚህ አያዋጣም፤ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ለንደን ድረስ ይበራል። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ከኤርፖርት ትራንዚት ቪዛው ነጻ ነው፤ ከኤርፖርቱ ወጥቶ ሻንጣውን በሌላ ትኬት ለማስገባት ግን ያ ቪዛ አይበቃውም።

ሻንጣ

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አውሮፓ በሚቆረጡ አብዛኞቹ ትኬቶች 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ፤ ትኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ግን አንብቡ። አዘዞ ላይ ያስረከባችሁት ሻንጣ በአንድ ትኬት እስከ መድረሻው ይሄዳል። በራያንኤርና በዊዝ ኤር ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ያለክፍያ የሚፈቀደው ከወንበር ሥር የሚገባ፣ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርሳ ብቻ ነው። ለ20 ኪሎ ሻንጣ የሚጠየቀው ክፍያ እንደ መስመሩና እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜም ከወንበሩ ዋጋ ይበልጣል። ሁለት ሻንጣ ላለው ሰው ያ በማስታወቂያ የሚታየው የ20 ዩሮ ትኬት እዚያው ላይ ያልቃል። ሻንጣ ሲገዛ ደግሞ ትኬቱ ሲቆረጥ መግዛት ይሻላል፤ ኤርፖርት ላይ ዋጋው ይንራል።

ከጎንደር የሚወጣ ሻንጣ ያለ ስንቅ አይወጣም። ሽሮውና በርበሬው አያሳስብም። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ የሥጋና የወተት ውጤት ስለሚከለክል ጉምሩክ ካገኛቸው ይወስዳቸዋል። እናታችሁ በድካም ያነጠሩት ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ከማየት እዚሁ ማስቀረት ይሻላል፤ ሻንጣውም ይቀልላል።

በረራ ሲዘገይ ማን ይጠየቃል?

በአንድ ትኬት ከሆነ የጎንደሩ በረራ ዘግይቶ የቦሌው ቢያመልጣችሁ ቀጣዩን ወንበር የማግኘት ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። በሁለት ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው እንደቀረ መንገደኛ ይቆጥራችኋል፤ ገንዘቡም ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለዘገየና ለተሰረዘ በረራ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳ ይደነግጋል። ሕጉ የሚመለከተው ግን ከኅብረቱ አገር የሚነሣን በረራ፣ ወይም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ የሚገባን ነው። ከቦሌ ወደ ሮም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትሄዱ አይመለከታችሁም፤ ስትመለሱ ይመለከታችኋል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ትኬት ስላመለጣችሁ ብቻ ግን ካሳ የሚከፍል የለም።

ኪዊን የመሰሉ የሽያጭ ድረ ገጾች የተለያዩ ትኬቶችን አገናኝተው ሲሸጡ የራሳቸውን ዋስትና ያቀርባሉ። ዋስትናው ሌላ ትኬት ሊያስገኝ ይችላል፤ ቪዛ ግን አያስገኝም።

ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ሰው በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፊ ጊዜ ይተው። ከቦሌ ሌሊት የሚነሡት በረራዎች አውሮፓ የሚደርሱት ማለዳ ላይ ስለሆነ ቀጣዩን ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ማድረግ ይቻላል። እኔ ከስድስት ሰዓት በታች አልመክርም። ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ሼንገን አገሮች የመንገደኛን መግቢያና መውጫ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መያዝ ስለጀመሩ የድንበሩ ሰልፍ ሊረዝም ይችላል። የኤርፖርቱንም ስም አጣሩ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላን የሚያርፈው ማልፔንሳ ነው፤ ብዙዎቹ የራያንኤር በረራዎች የሚነሡት ከከተማው በሌላ አቅጣጫ ካለችው ከሌላ ከተማ፣ ከቤርጋሞ ነው። «ፍራንክፈርት ሃን» የሚባለው ከፍራንክፈርት ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ «ፓሪስ ቦቬ»ም ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሮም ፊዩሚቺኖ ላይ ግን ርካሾቹም እዚያው ስላሉ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከሁሉም እመርጠዋለሁ።

ርካሾቹ ሕጋቸው ጥብቅ ነው። በስልክ ቀድሞ ቼክ ኢን ያላደረገ መንገደኛን ራያንኤር ኤርፖርት ላይ 55 ዩሮ ያስከፍላል፤ ከኅዳር 2018 ጀምሮም ቦርዲንግ ፓሱ (የመሳፈሪያ ወረቀቱ) በስልክ ላይ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ሰው ወደ ፍተሻ ከመግባቱ በፊት ሰነዱን በአየር መንገዱ ዴስክ ማሳየት አለበት። ዴስኩ በረራው ሊነሣ 40 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። ስልኩ ቻርጅ የሌለው፣ የኤርፖርቱን ኢንተርኔት መጠቀም የማይችል ሰው እዚህ ይቸገራል።

የጎንደር–አዲስ አበባው በረራ

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጋጫል። በአንድ በኩል ይህን በረራ ለብቻው መግዛት አደጋ አለው። የሚፈቀደው ኪሎ ከዓለም አቀፉ ያነሰ ነው፤ በ2015 ክረምት እንደታየውም በጸጥታ ምክንያት የጎንደር በረራ ለቀናት ሊቋረጥ ይችላል። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ እንደ መጠባበቂያ መቁጠር ደግሞ በዚህ ዘመን አያስተማምንም። በሌላ በኩል ቪዛ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። ብዙ ሰው ፓስፖርቱን ለመቀበል ቀድሞ ይሄድና እዚያው ይቆያል። ከጎንደር የሚጀምር ትኬት ይዞ የመጀመሪያውን በረራ የተወ ሰው የቀረው ጉዞም፣ መመለሻውም ጭምር ይሰረዝበታል። «አዲስ አበባ ላይ እቀላቀላለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት የምትነሡት ከቤታችሁ ይሁን ከአዲስ አበባ ወስኑ። ከቤታችሁ ከሆነ ከጎንደር የሚጀምረውን ትኬት ግዙ። የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ጠይቁ፤ የአገር ውስጡን ለብቻ ከመግዛት በእጅጉ የሚቀንስበት ጊዜ አለ።

ስለ አከፋፈል አጭር ነገር፦ ኢትዮጵያ አየር መንገድን ከተማው ውስጥ ባለው ቢሮ በብር መክፈል ይቻላል። የአውሮፓዎቹ ርካሽ አየር መንገዶች የሚቀበሉት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ነው፤ ወይ እንዲህ ያለ ካርድ ይኑራችሁ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይግዛላችሁ።

ለማን የትኛው?

አራስ ሊጠይቁ ለሚሄዱ እናት፣ ቋንቋውን ለማያውቁ አባት፣ ከነልጆቹ ለሚጓዝ ቤተሰብ፦ አንድ ትኬት፣ ከጎንደር እስከ መድረሻው። በዚህ ላይ አልደራደርም። ሻንጣ የት እንደሚቀበሉ ግራ ገብቷቸው በባዕድ ኤርፖርት ለብቻቸው የሚቆሙበትን ሰዓት የሚያካክስ ቅናሽ የለም።

ሼንገን ቪዛ ላለው ወጣት፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ለያዘ፦ ሁለተኛው መንገድ። ሻንጣውን፣ የከተማ አውቶቡሱንና ምግቡን ደምራችሁ ከአንዱ ትኬት ቢያንስ 100 ዩሮ ካላተረፋችሁ ግን ልፋቱ አያዋጣም። መድረሻችሁ ፍላይዱባይ ከሚያርፍባቸው ከተሞች አንዱ ከሆነ የእርሱን አንድ ትኬትም ጠይቁ። ዝቅተኛው ዋጋው የእጅ ሻንጣ ብቻ ስለሚይዝ ባለሻንጣውን ዋጋ ነው ማወዳደር ያለባችሁ።

ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ዱባይ ወይም ሻርጃ ላይ በሁለት ትኬት መቆራረጥ፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሆንም። የኤምሬትስ ነዋሪነት ወይም ቪዛ አስቀድሞ በእጁ ያለው ሰው ብቻ ያስበው። ስለ አቡ ዳቢ የምትሰሙት የቆየ ምክር ካለም ተዉት፤ ዊዝ ኤር አቡ ዳቢ በነሐሴ 2017 ሥራውን አቁሟል።

የውጭ ፓስፖርት ይዘው ወደ ጎንደር ለሚመጡ ልጆቻችን ዱባይ ላይ ማቆራረጡ ይቀላል፤ ወጥቶ መግባቱ አያስቸግራቸውም። እነርሱም ቢሆኑ ዋጋ ሲያወዳድሩ የመጨረሻውን የአዲስ አበባ–ጎንደር በረራ ይጨምሩ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራ የመጣ መንገደኛ የአገር ውስጡን በቅናሽ ያገኛል፤ በሌላ አየር መንገድ የመጣ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ለጥምቀት ከሆነ አመጣጡ ከጥር 11 በፊት ባሉት ቀናት የጎንደር ወንበር ይጠባልና ከቦሌ ወደ አዘዞ የሚያመጣውን በረራ ከዋናው ትኬት ጋር አብሮ መያዝ ይሻላል።