ዳቪንቺ ኮድ ወይስ የፉኮ ፔንዱለም? የትኛውን ልግዛ ለሚል አንባቢ

የሴራ ልብ ወለድ ማንበብ ልጀምር ለሚለኝ ሰው ቶሎ አፌ ላይ የሚመጡት ሁለት መጻሕፍት ናቸው። የዳን ብራውን «ዳቪንቺ ኮድ» እና የኡምቤርቶ ኤኮ «የፉኮ ፔንዱለም»። ሁለቱም ውስጥ የቴምፕላር ፈረሰኞች (የመካከለኛው ዘመን ተዋጊ መነኮሳት) አሉ፣ ፓሪስ አለች፣ ለዘመናት ተደብቆ የኖረ ምሥጢር አለ። ግን አንዱን የወደደ ሌላውንም ይወዳል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

«ዳቪንቺ ኮድ» የወጣው በ2003 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ገና ሲጀምር አንድ አረጋዊ የሉቭር ሙዚየም ኃላፊ ከገዳይ እየሸሸ የካራቫጆን ሥዕል ከግድግዳው ላይ መንጭቆ ያወርዳል። ሥዕሉ ሲነቀል ማንቂያው ይጮኻል፣ የብረት በሩ ዱብ ይላል፣ ሁለቱ ሰዎች ከበሩ ወዲህና ወዲያ ይቀራሉ። ሽጉጥ ግን በፍርግርግ መሐል ያልፋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ገጽ ያልቃል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ፋታ አይሰጥም። ምዕራፎቹ ከ100 በላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከሁለትና ሦስት ገጽ አይበልጡም። ብዙዎቹም ምሥጢሩ ሊወጣ ሲል ይቋረጣሉ። «አንድ ምዕራፍ ብቻ» እያላችሁ ይነጋባችኋል።

ድክመቱስ? ገጸ ባሕርያቱ ስስ ናቸው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሮበርት ላንግደን የማያውቀው ምልክት የለም፣ ሰውየው ራሱ ግን መጽሐፉ ሲዘጋ አብሮ ይረሳል። ይሄ ይታለፋል። እኔን የሚከነክነኝ ከታሪኩ በፊት ያለው ገጽ ነው። እዚያ ላይ ደራሲው «እውነታ» ብሎ፣ በ1099 የተመሠረተው የጽዮን ፕራዮሪ በእርግጥ ያለ ማኅበር እንደሆነ ይነግረናል። አይደለም። በዚህ ስም ማኅበር ያቋቋመው ፒየር ፕላንታር የተባለ ፈረንሳዊ ነው፣ ያውም በ1956። ጥንታዊ ነው ለማሰኘት የቀረቡት ሰነዶችም የተፈበረኩ ናቸው። ልብ ወለድ የፈለገውን ይፍጠር። ፈጠራውን እውነት ነው ብሎ ለአንባቢ መማል ግን ልክ አይደለም። መጽሐፉን ስትገዙ ያቺንም ገጽ የልብ ወለዱ አካል አድርጋችሁ አንብቧት።

ኤኮ ደግሞ ታሪኩን የሚጀምረው በትክክል ከዚህ ችግር ነው፤ ያውም በ1988፣ «ዳቪንቺ ኮድ» ከመውጣቱ 15 ዓመት ቀድሞ። ሦስት የሚላኖ አርታኢዎች ሥራቸው የምሥጢር አምላኪዎችን ረቂቅ ማንበብ ነው። አንድ ቀን አንድ ኮሎኔል ብጥስጣሽ ጽሑፍ የሰፈረበት ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ የቴምፕላሮች የዘመናት ዕቅድ ነው ብሎ። አርታኢዎቹ ይስቃሉ። ቆይተው ግን ለጨዋታ ያህል ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማገናኘት ይጀምራሉ፤ በኮምፒውተር ዓረፍተ ነገሮችን እያቀላቀሉ የራሳቸውን ታላቅ ሴራ ይፈጥራሉ። ሴራው ፈጠራ ነው። የሚያምኑበት ሰዎች ግን የምር ይመጣሉ።

መጽሐፉ ይከብዳል፣ አልደብቃችሁም። ከ600 ገጽ በላይ ነው። 120ዎቹ ምዕራፎች እያንዳንዳቸው ከሌላ ጽሑፍ በተወሰደ ጥቅስ ይጀምራሉ፣ አንዳንዱም ሳይተረጎም የተተወ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ምክሬ፣ ጥቅሶቹን ዝለሏቸው፣ ስም በስም ፍለጋም አትግቡ። የስሙ ጎርፍ ራሱ የታሪኩ ወጥመድ ነው፤ አርታኢዎቹን የዋጣቸውም እሱ ነው። ታግሣችሁ ከዘለቃችሁ፣ የአንደኛው አርታኢ ፍቅረኛ ሊያ ያንኑ የኮሎኔሉን ወረቀት በራሷ ዓይን የምታነብበት ቦታ ትደርሳላችሁ። ምን እንዳነበበች አልናገርም። ለእኔ ግን ያ ምዕራፍ ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ይመልሳል። ኤኮ በኋላ በአንድ ቃለ መጠይቅ ዳን ብራውንን ከዚህ መጽሐፍ እንደ ወጣ ገጸ ባሕርይ ቆጥሮታል። መጽሐፉን ስትጨርሱ ለምን እንዳለው ይገባችኋል።

ሃይማኖታዊ ምሥጢርም ፍልስፍናም የማይማርከው ሰው ሁለቱንም ይተዋቸው። የጄምስ ግሬዲን «የኮንዶር ስድስት ቀናት» ይግዛ። ቀጭን የ1974 መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድ እያነበበ የሚተነትን የሲአይኤ ሠራተኛ ምሳ ሊያመጣ ወጥቶ ሲመለስ ባልደረቦቹ ሁሉ ተገድለው ያገኛቸዋል። በዚያው ይሮጣል። በ1975 የወጣውን ፊልም ያየም ቢሆን ያንብበው፣ ሴራው ሌላ ነው።

ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ሳይዝ ለቆየ ሰው ብራውንን ስጡት፤ የማንበብ ልማድን ቶሎ ይመልሳል። ከተገኘ ሥዕል ያለበት እትም ይሻላል፣ ስለ ዳቪንቺ ሥዕል ስለ «የመጨረሻው እራት» ሲወራ ሥዕሉ እዚያው ፊታችሁ ይሆናል። ለወጣቶች ተብሎ ያጠረ እትም ስላለም ሽፋኑን አይታችሁ ግዙ። ብራውንን ያነበበና «እሺ፣ ከዚህስ በኋላ?» የሚል ሰው ግን ኤኮን ይግዛ። ሁለቱንም የምትገዙ ከሆነ ብራውን ይቅደም። ኤኮን ያነበበ ሰው ብልሃቱ ይገለጥለታል፣ ከዚያ በኋላ «ዳቪንቺ ኮድ»ን እንደ አዲስ አንባቢ ልቡ ተንጠልጥሎ ማንበብ ይቸግረዋል።