ጠላቂው ዳክዬና ተደፊው

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ላለ ሰው ዳክዬ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አይደለም።

ባለ ቢጫ ምንቃሩ ብዙም አይጠልቅም። ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ይደፋና ጭራውን ሽቅብ ያቆማል፤ የሚለቅመው አንገቱ ከሚደርስበት ነው። ሲበርም ካለበት ብድግ ብሎ ነው።

ባለ ቀይ ዓይኑ ግን እልም ይላል! እዚህ ስትጠብቁት እዚያ ማዶ ብቅ። እግሮቹ ወደ ኋላ የተተከሉ ናቸው፤ ለዋና ምርጥ፣ ለእርምጃ ግን አይመቹም። ለመብረርም ውሃው ላይ መንደርደር አለበት። ሳይንሳዊ ስሙ ኔታ ኤሪትሮፍታልማ ነው፤ በግሪክኛ ኔታ ዳክዬ፣ ቀሪው ቀይ ዓይን ማለት ነው። ስሙ ለወንዱ ያደላል፤ የሴቷ ዓይን ቡናማ ነው። እኛ ደግሞ ሁሉንም ዳክዬ ብለን እናልፋለን።

እኔ ጠላቂውን እመርጣለሁ። የት እንደሚወጣ ስጠብቅ ቡናዬ ቀዘቀዘ።