ለአዋሽ ሸለቆዬ ፎም ላገኘችልኝ እህት ምስጋና፣ ለፈላጊዎችም ጥቆማ

በሎስ አንጀለስና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይም በትርፍ ጊዜያችሁ እንደ እኔ በእጃችሁ አንድ ነገር ለምትሠሩ፣ የሕንፃ ሙቀት መከላከያ የሚያከፋፍል አንድ መጋዘን ልጠቁማችሁ ነው። ምስጋናዬ ግን ለመጋዘኑ ሳይሆን በሽያጭ ባንኮኒው ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት እህታችን ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ አልጻፍኩትም። የመጋዘኑን አድራሻ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ።

ጋራዤ ውስጥ በሞዴል አሳንሼ የምሠራው የድሮውን ምድር ባቡር ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን። ሁሉንም ልሥራ ብል 784 ኪሎ ሜትሩ በያዝኩት የ1 ለ87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ) እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል፤ ያንን የሚችል ጋራዥም ሆነ ትዳር ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ አዋሽን መረጥኩ፦ ጣቢያውን፣ ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለውን የጣቢያውን ሆቴል እና በሸለቆው ላይ የተዘረጋውን የብረት ድልድይ። የዚያ መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች ለሚሠሩ ሰዎች ተብሎ የሚመረተው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። ሐዲዱን ያለ ችግር አገኘሁ። ያስቸገረኝ መሬቱ ነው።

ኮምፔንሳቶ ገበታ ላይ ሐዲድ ስታነጥፉ ተራራ ወደ ላይ መቆለል ትችላላችሁ፤ ገደል ግን ወደ ታች መቆፈር አትችሉም። ለዚህ ነው ሞዴል ሠሪዎች ወፍራም የሙቀት መከላከያ ፎም ደራርበው በማጣበቅ በቢላዋ የሚቀርጹት። ባለ 2 ኢንች አንድ ሰሌዳ በዚህ መጠን ሲታሰብ 4 ሜትር ተኩል ለሚጠጋ ገደል ይበቃል። ክብደቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መኪናዬ ጋራዥ ስትገባ ሥራውን በሙሉ ወደ ግድግዳ የማነሳው እኔው ብቻዬን ነኝ።

ሚኒሶታን በመሰለ ቀዝቃዛ ግዛት ይህ ፎም በየሱቁ ይደረደራል። በእኛ ከተማ ግን አየሩ ለስላሳ ስለሆነ ትልልቆቹ የቤት ዕቃ መደብሮች ወፍራሙን ብዙም አያስገቡም። ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከትንንሽ ፍሬዎች የተጋገረው ነጩ ፎም ነው፤ ቢላዋ ሲያርፍበት እንደ ፈንዲሻ ይረግፋል፣ ፍሬውም ከልብስም ከምንጣፍም አይለቅም። ሌላው ሁለት ፊቱ በብርማ ወረቀት የተሸፈነው ፖሊአይሶ ነው፤ ለግድግዳ ግሩም ዕቃ ነው፣ ሲቀርጹት ግን ቢጫ ዱቄት ይሆናል። የምፈልገው ኤክስ ፒ ኤስ የሚባለውን፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ የተጨመቀውን ነበር። አንድ ሱቅ ድረ ገጹ ላይ «አለ» ብሎ፣ ስሄድ ሠራተኛው «ሁሉም ፎም ያው ፎም ነው» ብሎ ነጩን ሊያሸክመኝ ሞከረ። በፖስታ ይምጣልኝ ስል ደግሞ የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው በለጠ።

በመጨረሻ ለጣሪያ ሠራተኞችና ለማቀዝቀዣ ክፍል ገንቢዎች ወደሚሸጥ መጋዘን ደወልኩ። ስሜን ስነግራት በአማርኛ ሰላምታ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ፎሙን የሚፈልጉት ለጣሪያ ነው ወይስ ለግድግዳ?»

«ለሸለቆ ነው የኔ ልጅ።»

ትንሽ ዝም አለች። «ለምን አሉኝ?»

ነገሩን አስረዳኋት። ሳቀች፤ ግን ስቃ አላለፈችውም። በምን እንደምቆርጠው፣ ከላዩ ምን እንደሚያርፍ፣ በምን እንደማጣብቀው አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔ ያዘዝኩት በካሬ ኢንች 25 ፓውንድ የሚሸከመውን ነበር። «ይህ እኮ ብዙ ጭነት ላለበት ቦታ ነው፤ ባለ 15ቱ ይበቃዎታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል» አለችኝ። ባለ 15ቱ በአንድ ካሬ ጫማ ከ2,000 ፓውንድ በላይ እንደሚችል አስልታ ነገረችኝና «ባቡሮችዎ ስንት ይመዝናሉ ጋሼ?» ብላ ጨመረች። ውዱን ልግዛ ያለ ደንበኛን ወደ ርካሹ የሚመልስ ሻጭ ለማየት በዚህ አገር ብዙ ዓመት ጠብቄአለሁ።

መጋዘኑ የሚሸጠው በጅምላ፣ ሙሉ እሽጉን ነው። እሷ ግን ፎርክሊፍት ጥጉን የነካው የተከፈተ እሽግ እንዳለ አስታወሰች፤ አለቃዋን አስፈቅዳም የምፈልገውን ያህል በቅናሽ ልትሸጥልኝ ተስማማች። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት የተሰበረውን ጥግ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። እኔ እንደሆንኩ ያልተሰበረ ጥግ ያለው ገደል አይቼ አላውቅም።

ስደርስ ሌላ ጣጣ መጣ፤ 4 በ8 ጫማ የሆነ ሰሌዳ ትንሿ መኪናዬ ውስጥ የሚገባ አልሆነም። ጓንቷን አጠለቀች፣ ረጅም የብረት ማስመሪያ አስቀመጠች፣ ስለቱን አውጥታ በመስመሩ ላይ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ሁለት ጊዜ ሳበችው። ከዚያ መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ በሁለት መዳፏ ስትጫነው «ጧ!» ብሎ እንደተሰመረ ተሰበረ። ወለሉ ላይ አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። ሁሉንም ለኋላ ወንበሬ እንዲመቹ አድርጋ ቆራርጣ፣ የተሰበሩትን ጥጎችም ለይታ «ለድንጋይ ይሆኑዎታል» ብላ አስረከበችኝ።

የነገረችኝን ምክር እዚህ ላስቀምጠው፣ ለሌላም ይጠቅማል። ስለ ቀለሙ አትጨነቁ፤ ሮዝ ወይም ሰማያዊ መሆኑ የአምራቹ መለያ ነው፣ የጥራት ደረጃ አይደለም። ማጣበቂያው ላይ ግን ተጨነቁ፦ በጠንካራ ኬሚካል የሚሟሟው ሙጫ ፎሙን ይበላዋል፣ የሚረጨው የጣሳ ቀለምም እንዲሁ። ዕቃው ላይ ለፎም ሰሌዳ እንደሚሆን የተጻፈበትን ምረጡ፤ ቀለሙም በውኃ የሚበጠበጥ ይሁን። በሁለት ሰፋፊ ሰሌዳዎች መካከል የገባ በውኃ የተሠራ ሙጫ አየር ስለማያገኝ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ክብደት ጭናችሁበት ተውት። በጋለ ሽቦ የምትቆርጡ ከሆነ በሩን ክፈቱ፣ ፖሊአይሶን ግን በጋለ ሽቦ ጨርሶ አትንኩት። ፎም ይቃጠላል፤ ስለዚህ የሽቦ ብየዳችሁን ከእሱ አርቁ። እኔ ቀርጬ ከጨረስኩ በኋላ ላዩን በስሱ ጀሶ ለብጬዋለሁ፤ የአዋሽ ገደል አፈርማ ጥቁር ድንጋይ የመጣው በጀሶው ላይ በተቀባው ቀለም ነው። አንድ ጉድለቱን ልንገራችሁ፦ ባቡሩ ሲሄድ ፎሙ ድምፁን ያጎላዋል። ከሐዲዱ ሥር ቡሽ ሳነጥፍ ግን በጣም ቀነሰ።

ስለ መጋዘኑም ሁሉን ልናገር። የሚከፍቱት በማለዳ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ቶሎ ይዘጋሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የሉም። ጠዋት የጣሪያ ሠራተኞች መኪና ስለሚሰለፍ ረፈድ ሲል መሄድ ይሻላል። የተከፈተ እሽግ ሁልጊዜ ስለማይኖር አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ስትደውሉም ለምን እንደምትፈልጉት ንገሯት፣ ምክሯ ከዚያ ይጀምራልና። ዕቃው ለሞዴል ሠሪ ብቻ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን የገና ትዕይንት መድረክ የምታዘጋጁ ወጣቶች ከዚህ የተሻለ ተቀርጾ የሚቀባ ነገር አታገኙም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እጅሽ ይባረክ። እነዚያን የተሰበሩ ጥጎች እንዳልሽው ለድንጋይ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ከፎሙ ጥቂት ቁራጮች ተርፈውኛል፤ ለትምህርት ቤት ሥራ የሚፈልግ ልጅ ያለው ወላጅ ይጻፍልኝ፣ በነፃ እሰጣለሁ።